የተማረው መቼ ነው? ስለ አስታማሚዎች የክለሳ ሥልጠና

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አነጋገር የፈጠረው ሰው ለትምህርት ያለውን አክብሮት መግለጹ እንጂ ሞት አምሮት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ዳሩ ግን አነጋገሩ አንድ ጥያቄ ሳያነሣ ያልፋል፤ ይኸውም የተማረው መቼ ነው የሚለው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ተምሮ ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ገልጦ የማያውቅ ሰውና ባለፈው ወር ሙያውን የከለሰ ሰው ሁለቱም «የተማረ» ተብለው ይጠራሉ። በሌላው ሙያ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ታሪክ የተማረ ሰው የአንዱን ጦርነት ዓመተ ምሕረት ቢረሳ የሚያፍረው ራሱ ነው። በሰው ገላ ላይ የሚሠራ ሰው ሲረሳ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ሐኪሙ አይደለም። ለሐኪሙ ብዙ ተጽፎለታል፤ ነጭ ካፖርቱም ይናገርለታል። የምንናገረው ስለ አስታማሚዋ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረች የደም ግፊት ስለምትለካው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ በዕድሯ ስም የታመመች ጎረቤቷን ስለምታጥበው በጎ ፈቃደኛ፣ በወር ደመወዝ ተቀጥራ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንት ስለምታገላብጠው ወጣት። እነዚህን ሰዎች ከሐኪሙ የሚለያቸው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሐኪሙ በሆስፒታል ሲሠራ ቢሳሳት ከጎኑ ባልደረባ፣ ከበላዩ አለቃ፣ ከኋላውም መዝገብ አለ። አስታማሚዋ ግን በሩን ዘግታ ከሕመምተኛው ጋር ብቻዋን ናት። እጇ ቢሳሳት የሚያይ የለም። ሕመምተኛውም ቢሆን «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ከመመረቅ በቀር የሚለው የለውም።

ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ይበቃል። የአፍሪካ መሪዎች በ1963 (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱበት የአፍሪካ አዳራሽ እዚያ ነው። ከአዳራሹ ጥቂት እልፍ ብሎ ካዛንቺስ ነበር። ስሙ የመጣው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጣልያን ከሄደ በኋላ በእነዚያ ቤቶች ዙሪያና መካከል የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች እየተጠጋጉ በቀሉ። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ግቢ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ስድስትና ሰባት አባወራ፤ ይህ የካዛንቺስም የቂርቆስም መልክ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ሕመም ምሥጢር ሆኖ አይቆይም፤ የሚያስታምም ጎረቤትም አይታጣም። ፈቃደኛ እጅ ሞልቷል፤ ችግሩ የሚያውቅ እጅ ማግኘቱ ላይ ነው።

አገራችን ከሐኪም በታች ያለውን የጤና ሠራተኛ ማሠልጠን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዓመታት በየክሊኒኩ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው «ድሬሰር» ነበር፤ አሮጊቶቹ እስካሁን በአድናቆት ያነሡታል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ አውራጃ መላክ ጀመረ። ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ ደግሞ በደርግ ዘመን የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች ለጥቂት ጊዜ እየተማሩ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ከእነዚህ ሁሉ ልናስብባቸው የሚገባን የኋለኞቹን ነው። ወኪሎቹ ተማሩ፣ ቦርሳ ተሰጣቸው፣ ሄዱ። ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ተከታትሎ የሚጎበኛቸው፣ የረሱትን የሚያስታውሳቸው፣ ያለቀባቸውን መድኃኒት የሚተካላቸውም ጥቂት ነበር። ቀስ በቀስም ከሥራው ተበተኑ። ፕሮግራሙን የገደለው የሰዎቹ ስንፍና አልነበረም፤ ሥልጠናን እንደ ክትባት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነገር አድርጎ ማየቱ ነው ብለን እናምናለን። (ክትባትስ ቢሆን አንዳንዱ ማጠናከሪያ ይፈልግ የለምን?)

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር ከዚህ የተማረው ነገር ነበር። ሴቶቹ ደመወዝ ተቆረጠላቸው፤ ለአንድ ዓመትም ሠለጠኑ። ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ በላይ ደረሰ። ለከተማው በ2009 የወጣው ፕሮግራም ደግሞ ዲፕሎማ ያላቸውን ነርሶች መልምሎ፣ ለሦስት ወር ያህል ጨምሮ አሠልጥኖ፣ ለእያንዳንዷ አምስት መቶ ያህል ቤተሰብ ሰጣት። የቂርቆስ ሰው «ጤናዎቹ መጡ» የሚለው እነሱን ነው። ለገጠሮቹም ለከተሞቹም የክለሳ ሥልጠና፣ በሠራተኞቹ አነጋገር «ሪፍሬሸር»፣ በየጊዜው ይሰጣል። ስለዚህ ክርክራችን ይሰጥ አይሰጥ በሚለው ላይ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚሰጥም ጭምር ነው።

ዕውቀት ከሰው የሚርቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መርሳት ነው፤ ይህን ለተማሪ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ልብ ያቆመ ሰው ደረቱን እየተጫኑ ማዳንን የተማሩ ሰዎች ካልተለማመዱት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ችሎታቸው እንደሚያሽቆለቁል በተደጋጋሚ ታይቷል። የሚያስገርመው ግን እጃቸው ሲደክም በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት አብሮ አለመድከሙ ነው። ያውቁ የነበረውን አሁንም የሚያውቁት ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ሠራተኛዋ ምንም ሳትረሳ ዕውቀቱ ራሱ ቦታውን ይለቃል። ለዚህ ከኤች አይ ቪ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም፤ ቂርቆስም ካዛንቺስም የዚያን ዘመን መከራ ያውቁታልና።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዕድሮች ሥራቸውን ከመቅበር ወደ ማስታመም ማስፋት ጀምረው ነበር። በየሳምንቱ ድንኳን መትከል የሰለቻቸው ሰዎች፣ ሰውዬው ሳይሞት ብንደርስለትስ ብለው ጠየቁ። ሕይወት የኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከል፣ እንክብካቤና ድጋፍ ድርጅትን የመሳሰሉ አገር በቀል ማኅበራት ከዕድሮች ጋር ሆነው በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠኑ። ያን ጊዜ የተማሩት ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማጽናናት፣ ሕመምን ማስታገሥ ነበር። መድኃኒቱ በአገሩ የነበረው ገንዘብ ላለው ነውና ትምህርቱ በአጭሩ ሰው በክብር እንዲሞት መርዳት ነበር። በጥር ወር 2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር የእነዚያ ሴቶች ሥራ ተገለበጠ። ትናንት ለሞት ያዘጋጁት የነበረውን ሰው ዛሬ በሰዓቱ መድኃኒት እንዲውጥ፣ ሥራ እንዲፈልግ፣ ሲሻለውም እንዳያቋርጥ መምከር ሆነ። የማጽናናት ሙያ ብቻውን ለዚህ አይበቃም።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ለማን ይጀመር ለሚለው የሰጠው መልስ ራሱ እየተራመደ ሄደ። በመጀመሪያ ሲዲ ፎር የሚባለው የደም ሕዋስ ቁጥር ከ200 በታች ለወረደ ሰው ነበር፤ በ2010 ከ350 በታች ሆነ፤ በ2013 ወደ 500 ከፍ አለ፤ በ2015 ቁጥሩ ቀርቶ ቫይረሱ ለተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀመር ተባለ። በ2005 የሠለጠነችና ከዚያ ወዲህ ያልከለሰች አስታማሚ በ2016 ጎረቤቷን «አይዞሽ፣ ቁጥርሽ ገና አልወረደም፤ መድኃኒት አያስፈልግሽም» ብትላት የተማረችውን በትክክል ተናግራለች። ጎረቤቷንም ጎድታለች።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የጡት ነገር ነው። ቫይረሱ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍ እንደሚችል ከታወቀ በኋላ፣ በ2001 የወጣው ምክር እናትየዋ ሌላ ምግብ ለመስጠት አቅሙና ንጽሕናው ካላት ጨርሳ አታጥባ የሚል ነበር። ምክሩ በወረቀት ላይ ብዙ «ካላት» ነበረበት። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ሁኔታው እየተራገፈ «አታጥቢ» የሚለው ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ቃል ሲጓዝ ቅጥያው ይረግፋልና። የዱቄት ወተት ዋጋ፣ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን የሚጠፋ የቧንቧ ውኃ፣ ለስድስት ቤት አንድ መጸዳጃ፣ በዚህ መሐል ጡጦ መቀቀል ምን እንደሚመስል አንባቢ ያስበው። በቦትስዋና፣ ከእኛ እጅግ የበለጸገች አገር ሆና፣ በ2006 መጀመሪያ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕፃናት ሞቱ፤ ክፉኛ የተጎዱት ጡት የማይጠቡት ነበሩ። ምክሩም ተሻሻለ። በ2010 እናትየዋ መድኃኒት እየወሰደች ታጥባ ተባለ፤ በ2016ቱ መመሪያ ደግሞ ጊዜው እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ተራዘመ። የድሮውን ብቻ የምታውቀው አስታማሚ ክፉ ሴት አይደለችም። ሕፃኑን ለማዳን ብላ ከጡት ትነጥለዋለች፤ ድርጊቷ ሁሉ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። የክለሳ ሥልጠና ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል፤ ቸልተኛ ሠራተኛን ከመገሠጽ ይልቅ ትጉዋን ሠራተኛ ትጋቷ እንዳይጎዳ ያደርጋል።

ጉዳዩ የኤች አይ ቪ ብቻ እንዳይመስል ከአልጋው አጠገብ ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። ለረዥም ጊዜ የተኛ ሰው ወገቡና ተረከዙ ሲቀላ ቦታውን በአልኮል ወይም በቅባት አጥብቆ ማሸት የድሮ ነርሶች የሚመኩበት ሙያ ነበር፤ ከወገቡ ሥር በክብ የተጠቀለለ ጨርቅ ማስገባትም እንዲሁ። ዛሬ ሁለቱም አይመከሩም። የቀላው ቦታ ከሥሩ ያለው ሥጋ መጎዳት የጀመረበት ነውና ማሸቱ ጉዳቱን ያብሰዋል፤ ክቡ ጨርቅም ዙሪያውን ተጭኖ ደም ያግዳል። በ2009 የአውሮፓና የአሜሪካ የአልጋ ቁስል ጠበብት በጋራ ያወጡት መመሪያ የአልጋ ቁስልን ለመከላከል ብሎ ማሸትን ከልክሏል። የሚሻለው ሕመምተኛውን በየጊዜው ማገላበጥ፣ አንሶላውን ሳይጎትቱ አንሥቶ ማዞር፣ ተረከዙን ከፍራሹ ማንሣት፣ ገላውን ደረቅ አድርጎ መጠበቅ ነው። ይህን ለመማር ኮሌጅ አያስፈልግም። አንድ አልጋ፣ አንድ ሰው፣ ግማሽ ቀን ይበቃል።

የደም ግፊት መለካትም ቀላል ይመስላል። ባለሙያዋ ደረጃ ወጥታ፣ በሩን አንኳኩታ፣ «እትዬ፣ እጅዎን ይስጡኝ» ብላ ቡና እያፈሉ የነበሩትን እናት ወዲያው ትለካቸዋለች። እሳቸውም ስለ ልጃቸው እያወሩላት ነው። አምስት ደቂቃ ሳያርፉ፣ ጀርባቸው ሳይደገፍ፣ እግራቸውን አጣምረው፣ ክንዳቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ እየተናገሩ የተለካ ግፊት ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። ለወፍራም ክንድ ጠባቡን ማሰሪያ መጠቀምም እንዲሁ ከፍ ያደርገዋል። በዚያ ቁጥር ተመርኩዘው እናትየዋ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ እዚያ ሲለኩ ደኅና ናቸው ይባላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ግፊታቸው በእውነት ሲጨምር «ይቺ ልጅ እንዲሁ ታስደነግጣለች» ብለው ሳይሄዱ ይቀራሉ። በአንድ ማሰሪያ የተነሣ ሙያውም ሰዪቱም ታማኝነት አጡ።

ምናልባት አንባቢው «ልምድስ? አሥር ዓመት የሠራች ሴት ከማንም አሠልጣኝ አትበልጥምን?» ይል ይሆናል። ብዙ ነገር ላይ ትበልጣለች፤ ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ምግብ ደብቆ እንደሚውል ታውቃለች። ነገር ግን ልምድ ትክክሉንም ስሕተቱንም እኩል ያጠነክራል። አሥር ዓመት አሽታ ያዳነች የሚመስላት ሴት ያላሸችው ሰው ምን እንደሚሆን አይታ አታውቅም። ያገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለናል። ድጓ ለዓመታት የተማረ ሰው በዚያው መምህር ነኝ ብሎ አይቀመጥም፤ ጋይንት ወርዶ በቤተ ልሔም ያስመሰክራል። በሄደበት አገር ዜማው ተጣሞ ከሆነ እዚያ ይቃናል። ማንም ይህን እንደ ውርደት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ያላስመሰከረው ነው የሚታማው። «ክለሳ» የሚለውንም ቃል የመረጥነው ከተማሪ ቤት ስለ ወጣ ነው። ሰው «ለሥልጠና ተጠራሁ» ሲል እንደ ቅጣት የሚያየው ዘመን ሲመጣ ቃሉም ይቆሽሻልና።

አሁን እንዴት ይሰጥ ወደሚለው እንለፍ። በአገራችን ሥልጠና ሲባል አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ የሆቴል አዳራሽ፣ በጀርባው ላይ አርማ ያለበት ደብተር፣ ግድግዳ ላይ የሚበራ ጽሑፍ፣ የሻይ ዕረፍት፣ በመጨረሻም አበልና የምስክር ወረቀት ማለት ሆኗል። አበሉን አንነቅፍም፤ የእነዚህን ሴቶች ደመወዝ የሚያውቅ ሰው አበል ለምን ወደዱ ብሎ አይፈርድም። የምንነቅፈው አምስት ቀን ተቀምጦ በመስማት እጅ የሚታደስ መስሎ መታየቱን ነው። ባለሙያዋ አምስቱን ቀን ከአምስት መቶ ቤተሰቧ ርቃ ትከርማለች፤ ስትመለስ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ሥራዋ ባለበት ይቀጥላል።

ይህ አሽሙር እንዳይመስል ጎረቤት አገር ታንዛኒያ የሆነውን እንይ። በሰሜን ታንዛኒያ ሃይዶም በተባለ ሆስፒታል በ2010 አዋላጆች ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን ስለ መርዳት የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። በአሻንጉሊት ላይ ሲፈተኑ በጣም ተሻሽለው ተገኙ፤ በእውነተኛ ሕፃናት ላይ ያደረጉት ነገር ሲታይ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም ነበር። ከዚያ በኋላ ዘዴው ተቀየረ። አሻንጉሊቱ በማዋለጃው ክፍል አጠገብ ተቀመጠና ሠራተኞቹ ባሉበት ሆነው በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ፣ በየወሩም ጥቂት ረዘም አድርገው እንዲለማመዱ ተደረገ። ከተወለዱ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከሺህ 11.1 የነበረው ወደ 7.2 ወረደ። አዲስ መሣሪያም አዲስ ሐኪምም አልመጣም፤ የተለወጠው ትምህርቱ ከአዳራሽ ወጥቶ ሥራው ወዳለበት መሄዱና መደጋገሙ ነው።

ይህን ወደ ቂርቆስ ስናመጣው ብዙ ወጪ አናይበትም። ባለሙያዎቹ በጤና ጣቢያ ለሳምንታዊ ስብሰባ በሚገናኙበት ዕለት ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢወሰድ፣ ዛሬ የግፊት መለኪያው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማገላበጡ፣ ከዚያም ጓንት እንዴት እንደሚወልቅ እርስ በርስ ቢታያዩ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ነባር ነርስ አብራ ቤት ለቤት ብትወጣ፣ የአዳማን አምስት ቀን ያስንቃል ባይ ነን። አብሮ መውጣቱን አጥብቀን እንመክራለን። ጎብኚዋ የምትመጣው ቅጽ ልትቆጥር ከሆነ ግን ባትመጣ ይሻላል፤ ቅጹ ሁልጊዜ ይሞላል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀሩትን ደግሞ መርሳት አይገባም። ነርሷ ፈቃዷን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ትምህርት መውሰዷን ማስረዳት አለባት። የዕድሩ በጎ ፈቃደኛና ተቀጥራ አዛውንት የምትጠብቀው ወጣት ግን የሚታደስ ፈቃድ የላቸውም። ብዙዋ ወጣት ከገጠር መጥታ እንጀራ ለመጋገር ተቀጥራ፣ የቤቱ አባት በስትሮክ ሲወድቁ አስታማሚ ሆና ትገኛለች። ለእሷ ክለሳ ቀርቶ የመጀመሪያውም ትምህርት አልተሰጣትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዚያ ቤት ስታልፍ የምታስተምረው ለዚህች ልጅ ነው፤ እሷ ያልከለሰችውንም ልጅቱ ትወርሳለች።

በ2024 መገባደጃ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ቤቶቹ ያረጁ ነበሩ፤ መጸዳጃው የሚናፈቅ አልነበረም። ከግቢው ጋር አብሮ የፈረሰው ግን አንዲት ባለሙያ በዓመታት ያጠናቀረችው የቤተሰብ ዕውቀት ነው፤ የማን ግፊት እንደሚያሻቅብ፣ ማን የሳንባ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ እንደሚዳዳው፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር። ይህን የሚተካ ሥልጠና የለም። በአዲሱ ሰፈር የተመደበችው ባለሙያ ከባዶ ትጀምራለች፤ ሥራዋም የግቢ ሥራ አይደለም። አንድ የውጭ በር ገፍታ ሰባት ቤት መጎብኘት ቀርቶ ደረጃ እየወጣች የተዘጋ በር ማንኳኳት ሆኗል። ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ፣ ግማሽ ጎናቸው የዛለ አዛውንት ለሐኪም ቀጠሮ መውረድ ሲኖርባቸው ወገባቸውን ሳይጎዱ፣ የራሷንም ወገብ ሳትሰብር እንዴት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ደረጃ እንደሚወርዱ የካዛንቺስ ልምዷ አይነግራትም። የሚያሳያት ሰው እስኪመጣ ድረስ ከታች ጎረምሶች ጠርታ በብርድ ልብስ ታስወርዳቸዋለች።